ከደሴ ወደ ቻድ ለወንጌል አገልግሎት ልንሄድ ነው፤ ሳንወጣ ምን እናስተካክል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር በመጪው መስከረም ወደ ቻድ ለመሄድ በዝግጅት ላይ ነን። እኔ በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ስሆን ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የምናመልክባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጥሪያችንን ለረጅም ጊዜ ከመረመረች በኋላ ልትልከን ወስናለች፤ እዚያ የምትቀበለን ደግሞ ከዋና ከተማዋ ከኢንጃሜና ብዙ በማይርቅ ስፍራ ክሊኒክ የምታስተዳድር የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ናት። እኔ በክሊኒኩ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ በልጆች ትምህርት ታግዛለች፤ ከዚህም ጋር በአገሬው መጋቢዎች ሥር ሆነን በወንጌል አገልግሎቱ እንሳተፋለን።

የፓስፖርቱና የቪዛው ሩጫ፣ የድጋፍ ማሰባሰቡ፣ የዕቃው ሽያጭ ሁሉም ተጀምሯል። ከዚህ ሁሉ የከበደን ግን የሚቀረው ሰው ነገር ነው። እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ ኦርቶዶክስ ናት፣ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ለስኳር ሕመሟ ኢንሱሊን ትወጋለች። ትልቋ ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ናት፤ መሄዱን አልወደደችውም። ወንዱ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ትንሹ ደግሞ ገና ድክ ድክ ማለት መጀመሩ ነው። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ሲሆኑ ሁላችንም የአንድ ቅሬ (እድር) ሰዎች ነን፤ የጉዞውን ምክንያት ለሁሉም ገና አልነገርንም።

ጥሪው ትክክል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ክርክር መክፈት አልፈልግም። የምጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ያያችሁ ወይም የሄዳችሁ ሰዎች፣ አንድ ቤተሰብ ከአገሩ ሲወጣ ሳያስተካክለው ቢቀር የሚጸጸትበት ነገር ምን እንደሆነ እንድትነግሩን ነው።

የኮምቦልቻ ሐኪም

ከልጆቹ ጤና ልጀምር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ልጆቻችሁ ወባን አያውቋትም። ኢንጃሜና ግን 300 ሜትር ገደማ ላይ በሻሪ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ሞቃት ቆላ ናት። የአገሬው አዋቂዎች በተደጋጋሚ በመያዝ ያገኙት ከፊል መከላከያ እናንተ የላችሁም፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ ከሁላችሁም ይልቅ ተጋላጭ ነው። ደሴ ላይ ሕፃን ሲያተኩሰው «ጉንፋን ይሆናል፣ ነገ እናያለን» ብሎ ማሳደር የተለመደ ነው። እዚያ ይህ ልማድ ሕይወት ያስከፍላል፤ ትኩሳት በታየበት ቀን የደም ምርመራ ይደረግለት። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዱ አልጋ ያዙ። ስለ መከላከያ ክኒን ደግሞ የልጆቹን ክብደት መዝኖ የሚወስን ሐኪም ሳትሄዱ አማክሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ለዕድሜ ልክ ተቀባይነት አለው። ማጅራት ገትርንም አትርሱ፤ ቻድም እኛም ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የበሽታው ቀበቶ ውስጥ ነን፣ ወረርሽኙም የሚነሣው በደረቁ ወራት ነው።

ስለ ጉዞው ወር አንድ አስተያየት አለኝ። በዚያ አካባቢ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ትንኙ የሚበዛውም በዝናቡ ማብቂያ ነው። መስከረም ላይ መድረስ ማለት ልጆቹን ከአውሮፕላን አውርዶ በቀጥታ ወደ ወባው ወራት ማስገባት ነው። ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ብትደርሱ አየሩም ይቀዘቅዝላችኋል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በዚያን ጊዜ አዲስ ሰው ሆኖ መግባት ይከብዳል።

ወረቀት አዋቂ (ደሴ)

ዶክተሩ ያሉት ስለ ጤና ነው፤ እኔ ስለ ሰነድ ባጭሩ ልናገር። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ ወር መጨረሻ 2008 ዓ.ም. ነው። ትልቋ ልጃችሁ ሰባተኛ ክፍል ከሆነች ከዚያ በፊት የተወለደች ስለምትሆን ዘግይቶ ማስመዝገብ ያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ አስቀድማችሁ አጣሩ። የእያንዳንዳችሁ ስም በፓስፖርቱ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በትምህርት ማስረጃው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል ተመልከቱ፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ሰውን ከኤምባሲ በር ይመልሳል።

የጋብቻ፣ የልደትና የሙያ ማስረጃዎቻችሁ በፈረንሳይኛ መተርጎምና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ከሥራ ስትለቁ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳትቀበሉ አትውጡ። ለቤትና ለንብረት ውክልና የምትሰጡ ከሆነም የሚፈቀደው ሥራ አንድ በአንድ ይዘርዘር፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ከማሠራት አልፎ ቤት አያሸጥም።

ተመላሽ (ወልድያ)

ቤተሰብ ይዤ ደቡብ ሱዳን ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ስለ ገንዘብ የሚጽፍ ስለማይኖር እኔ ልጻፍ፤ መንፈሳዊ ሰው ስለ ገንዘብ ሲጠይቅ እምነት የጎደለው ይመስለዋልና ብዙዎች አፍረው ይሄዳሉ።

የድጋፍ ሰጪዎች ቃል በብር ነው፤ የእናንተ ወጪ ደግሞ በቻድ ገንዘብ፣ በሴፋ ፍራንክ ይሆናል። የሴፋ ፍራንክ ምንዛሪ ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዩሮ 655.957 ፍራንክ ነው። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት «በወር ይህን ያህል ብር እንልካለን» ተብለው የወጡ ቤተሰቦች ላኪዎቻቸው ቃላቸውን ሳያጥፉ ድጋፋቸው በግማሽ ተቀነሰባቸው። ስለዚህ በጀታችሁ በፍራንክ ይሠራ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በየሦስት ወሩ እንደ ምንዛሪው የምታስተካክለው መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። ኢንጃሜና ለውጭ ሰው ርካሽ ከተማ አይደለችም፤ ቤት ኪራይ ብቻውን ያስደነግጣል።

ሌላው የመመለሻ ገንዘብ ነው። የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብ ማንም እንዳይነካው ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ስላለው መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሩቅ የሚያደርገው በችግር ጊዜ ትኬት መግዣ ማጣት ነው። ልጅ ቢታመም ማን ይከፍላል? የትምህርት ቤቱን ክፍያ ማን ይሸፍናል? ስንት ዓመት አገልግላችሁ ለዕረፍት ትመጣላችሁ? በአገር ቤት የነበራችሁ የጡረታ ጉዳይ ምን ይሆናል? እነዚህ ሁሉ ከሽኝቱ ፕሮግራም በፊት በሽማግሌዎቹ ፊርማ ይለቁ። የሽኝት ቀን አዳራሹ ይሞላል፣ መዝሙሩ ይደምቃል፣ ሁሉም ያለቅሳል፤ ከወራት በኋላ ስልክ የሚያነሣው ግን በስሙ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ብቻ ነው።

ዘሐይቅ

እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ በአስተምህሮ ያለንን ልዩነት እዚህ አላነሣም። ነገር ግን ሰውን አዘጋጅቶ መላክ ለዚህ አገር እንግዳ እንዳልሆነ ማስታወስ እወዳለሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል አድርገውት ነበር። ከዚያ የወጡት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ፣ በደሴቱ ለዓመታት ከተማሩ በኋላ ነው ወደየአገሩ ያቀኑት። ዛሬ ግን ጥሪና ትኬት በአንድ ዓመት ውስጥ ሲገናኙ አያለሁ።

የቻድ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በገበያና በሰፈር የሚግባቡት ደግሞ በቻድ ዐረብኛ ነው። ነርስ ነኝ ብለዋል። አንዲት እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ስትመጣ ተቅማጡ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ሽንቱ እንደቀነሰ በራሷ ቋንቋ ካልጠየቋት የእርስዎ ሙያ ምን ይረባታል? ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ዓመት እንዲሆን ከላኪዎችዎ ጋር ይስማሙ፤ በዚያ ዓመት የአገልግሎት ሪፖርት አይጠይቋችሁ።

እናትዎንም በተመለከተ፣ የንስሐ አባታቸው መጥተው እንዲጸልዩላቸውና እናንተንም እንዲመርቁ ቢፈልጉ መንገዱን ክፈቱላቸው። ሽኝቱ የሃይማኖት ክርክር ከሆነ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጥያቄው በደሴ ልጅ ስለተጻፈ እንደ ጎረቤት ልናገር። በቻድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ከሙስሊም ጋር ቡና ጠጥቶ፣ በሐዘን ተቀምጦ፣ በሠርግ ተጠራርቶ መኖር ለእናንተ አዲስ ስላልሆነ በዚህ በኩል ከሌላው ትሻላላችሁ። ሆኖም ሁለት ነገር በግልጽ ልጠይቅ።

አንደኛው፣ ክሊኒኩ የሚያክመው ማንን ነው? ታማሚ መድኃኒቱን ለማግኘት ስብከት መስማት አለበት? መልሱ «የለበትም» ከሆነ መልካም ነው። «አለበት» ከሆነ ግን ይህ በችግረኛ ላይ ጫና ማድረግ ስለሆነ እኔ ብቻ ሳልሆን ብዙ ክርስቲያኖችም የሚቀበሉት አይመስለኝም። ቪዛችሁም የምትሠሩትን ሥራ በትክክል የሚናገር ይሁን።

ሁለተኛው የቅሬው ጉዳይ ነው። ለሰፈሩ «ለሥራ ሄዱ» ተብሎ ከተነገረ በኋላ የሽኝቱ ቪዲዮ በፌስቡክ ሲለቀቅ ጎረቤት የሚከፋው በሃይማኖታችሁ አይደለም፤ ከሩቅ ሰው እኩል መቆጠሩ ነው የሚከፋው። ከወሎ ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች እድር የምትሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። መዋጮ መክፈል ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ መገኘት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ከለቀስተኛ ጋር የሚቀመጥ እጅ ከየቤቱ ይፈለጋል፤ የቀረ ይቀጣል። እናንተ ሄዳችሁ እናትህ ብቻቸውን ከቀሩ፣ የቤቱ አባልነት በማን ይቀጥላል? በባንክ መዋጮ እየላክሁ እቀጥላለሁ ካልህ የአንዳንድ ቅሬ መተዳደሪያ ይህን አይቀበልም። አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ፣ አላህ ያቆይልህና፣ የእናትህን ለቅሶ የሚይዘው ይህ ሰፈር ነው። ስለዚህ የቅሬውን ሰብሳቢዎች ቀርበህ በአንተ ፈንታ የሚቆም ወኪል አስመዝግብ። ስትቀርብም የምትሄድበትን ምክንያት ሳትሸፋፍን ተናገር፤ አብሽር፣ የሚመርቅህ ከሚቆጣህ ይበልጣል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለወንድሜ ለቧንቧ ውሃ፣ ክሊኒኩ ማንንም ሳይለይ ያክማል፤ ስብከት የሕክምና ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ እንዲሆን ቢጠየቅም አልሠራበትም። ቪዛውንም የጠየቅነው በጤና ባለሙያነትና በቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት ነው። የቅሬውን ጉዳይ ከወርሃዊ መዋጮ የዘለለ አድርጌ አላሰብሁትም ነበርና በሚቀጥለው ስብሰባ እቀርባለሁ።

ስለ ጉዞው ወር የተባለው ግን አከራክሮናል። ባለቤቴ የልጆቹ ትምህርት ከመነሻው እንዲያመልጣቸው አትፈልግም።

እናት ከመርሳ

ልጄ፣ የጻፍኸውን ደግሜ አነበብሁት። እናትህ ከእናንተ ጋር እንደሚኖሩ፣ ኢንሱሊን እንደሚወጉ፣ ዕድሜያቸው እንደገፋ ጽፈሃል፤ ምን እንዳሉ ግን አልጻፍህም። ጠይቀሃቸዋል ወይስ ነግረሃቸዋል? በእኛ አገር እናት ልጇ «ልሄድ ነው» ሲላት «እግዜር ይከተልህ» ማለቷ አይቀርም፤ ይህ ግን ፈቃድ ላይሆን ይችላል። ልጅ ላለማስቀረት ብላ ነው። የሚያከብሩትን አንድ የዘመድ ሽማግሌ አስቀምጠህ፣ አንተ በሌለህበት የልባቸውን ይናገሩ።

ከዚያ ወደ ሥራው ግባ። ማታ ከማን ጋር ያድራሉ? የስኳር ሰው ሌሊት ስኳሩ ዝቅ ሲልበት ላብ ላብ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል፤ አብሮ ያደረ ሰው ይህን አውቆ ሻይ በስኳር ካላጠጣ እስከ ንጋት የሚያደርስ ነገር አይደለም። አንተ ነርስ ስለሆንህ እስካሁን ሁሉንም የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የሚቀረውን ሰው ካሁኑ አሠልጥን፤ መርፌውን እሱ ይውጋ፣ አንተ ተመልከት። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ ይወቅ፤ ፍሪጅ በሌለበት ጊዜ በሸክላ ዕቃ ውሃ አርከፍክፎ ማቀዝቀዝ እንደሚቻል አንተም ታውቃለህ። ለእናትህ የሚሆነው ገንዘብ ከድጋፉ ተርፎ የሚላክ ሳይሆን በበጀቱ ውስጥ የራሱ መስመር ያለው ይሁን፤ ተመላሽ ያለው ሁሉ ለእሳቸውም ይሠራል።

ልጅቷን በተመለከተ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «አልወደደችውም» ተብላ የምትታለፍ አይደለችም። በ2014ቱ ጦርነት ከደሴ ተፈናቅላችሁ ከነበረ አንድ ጊዜ ቤቷን በድንገት ትታ መውጣትን ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ማንም አልጠየቃትም፤ አሁን ጠይቋት።

ተመላሽ (ወልድያ)

የእናት ከመርሳን ሐሳብ አከብራለሁ፤ በልጅቷ ላይ ግን አንድ እርምጃ ልሂድ። የእኔ ሐሳብ፣ ስምንተኛ ክፍልን እዚሁ ከአክስቷ ወይም ከአያቷ ጋር ሆና ተምራ ፈተናውን ከወሰደች በኋላ ብትከተላችሁ ነው። አሁን ከሄደች በፈረንሳይኛ ትምህርት ከታች ጀምራ ከትንንሽ ልጆች ጋር ልትቀመጥ ትችላለች። ስትመለስም የውጭውን የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት ማሠራት ይኖርባታል፤ ይህም ጊዜ የሚወስድ ጣጣ ነው።

እናት ከመርሳ

አልስማማም። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ እናትና አባቷ አንድ ዓመት ሙሉ በሌሉበት እንድታድግ የሚፈቅድ አገልግሎት አላውቅም። ፈተናው በሌላ ጊዜ ይደረሳል። ይልቁንስ ለአያቷም ሸክም ይጨመራል፤ በሽተኛ ጠባቂ ትሆናለች እንጂ ተማሪ አትሆንም።

ተመላሽ (ወልድያ)

ከአያቷ ጋር ያልሁትን አንሥቻለሁ። ከአክስቷ ጋር ያልሁት ግን እንዳለ ነው። እኛ ጋር የነበሩ ቤተሰቦች ሁለቱንም መንገድ ሞክረዋል፤ እኔ ያየሁት ጉዳት ያለ ፈቃዷ በተወሰደችው ላይ የባሰ ነበር።

የኮምቦልቻ ሐኪም

በልጅቷ ጉዳይ ከሁለታችሁም በላይ የሚያውቁት ወላጆቿ ናቸው። የእናትን ኢንሱሊን በተመለከተ የተባለው ትክክል ነው፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ በፍሪጅ ይቀመጥ፣ እንዲበርድ ተብሎ ግን በረዶ ክፍል አይግባ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። የክትትል ካርዳቸውን ቅጂ ለሚቀረው ሰው ስጡት፤ ጤና ጣቢያውም የእሱን ስልክ ይመዝግብ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ያልተመለሰ ነገር እንዳይቀር እስካሁን የደረስንበትን ልጻፍ።

በቅሬው ስብሰባ ላይ ቀርቤ የምንሄድበትን ምክንያት ተናገርሁ። አንድ ሽማግሌ ሙስሊም አባት መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሃይማኖት ሳይሆን «እናትህን ለማን ሰጠህ?» ብለው ነው። የእኅቴ ልጅ፣ ሥራ ይዞ ደሴ የሚኖር ወጣት፣ እኛ ቤት ሊገባና በእኔ ፈንታ በቅሬው ሊቆም ተስማምቷል፤ ስሙም ተመዝግቧል። መርፌውን ከእኔ ፊት እየወጋ ነው፤ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ እናቴ ታሾፍበታለች።

እናቴን አጎቴ ነው ያነጋገራት። መሄዳችንን አልተቃወመችም፤ የምትጠይቀው አንድ ነገር እንዳለ ግን ተናግራለች። የልደት በዓልን አብራን ማሳለፍ ትፈልጋለች። ይህን ስሰማ የወባው ወርና የእናቴ ጥያቄ አንድ ቦታ ገጠሙልኝ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረን ጉዞውን ከመስከረም ወደ ጥር ገፍተነዋል። ባለቤቴም ልጆቹ እዚህ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት እየተማሩ በተጓዳኝ ፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ በሚለው ተስማምታለች። ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት የምንለምድበት ሁለት ወር ያህል ይኖረናል።

የድጋፉ ስምምነት በፍራንክ ተሠርቶ በጽሑፍ ቀርቧል፤ የመመለሻው ገንዘብ ላይ ግን የፋይናንስ ክፍሉ «እስከዚያ ሥራ ላይ ይዋል» የሚል ሐሳብ አንሥቶ ክርክሩ አልተቋጨም። እኔ አልፈረምሁም።

ትልቋ ልጃችን ለጊዜው መልስ አልሰጠችንም። አክስቷ ጋ መቅረትም መሄድም በሯ ክፍት እንደሆነ ነግረናታል፤ እስከ ኅዳር እንድትወስን ጊዜ ሰጥተናታል። ትናንት ካርታ ላይ ኢንጃሜናን ፈልጋ «ባሕር የላትም እንዴ?» አለችኝ፤ ቻድም እንደ እኛ የባሕር በር የሌላት አገር መሆኗን ነገርኋት።

አሁን የምፈልገው የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነው፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።

ወረቀት አዋቂ (ደሴ)

ደሴ ውስጥ የማውቀው የለም። አዲስ አበባ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ፈረንሳይኛ ያስተምራል፤ ለሰነድ ማረጋገጡ አዲስ አበባ መሄዳችሁ ስለማይቀር በዚያው ጎራ ብላችሁ ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት መማር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ባለቤትህን አስቀድማቸው፤ መምህርት ስለሆኑ ለልጆቹ መልሰው ያስተምሯቸዋል።